ዝገትም ይጠቅማል፦ ብረት ከመጠጥ ውሃ ውስጥ መርዝ እንዴት ይለቅማል?

ውድ አንባቢ፣ ዝገትን የሚወድ ሰው በየትኛውም ቤት አይገኝም። ቢላዋ ሲዝግ በአመድ ይፈተጋል፤ የጣሪያ ቆርቆሮ ሲዝግ ዝናብ ያስገባል፤ የቧንቧ ውሃ ዝገት ይዞ ሲወርድ ነጭ ነጠላ አበላሽቶ የቤት እመቤትን ያስቆጣል። በፋብሪካ የሚሠራ ወዛደርም ቢሆን ዝገትን የሚያውቀው የመሣሪያ ጠላት፣ በዘይትና በቀለም የሚከላከሉት ጉዳት አድርጎ ነው። ስለዚህ ይህንን ንቀን የምንጥለውን ነገር ሆን ብለው አዘጋጅተው፣ የመጠጥ ውሃቸውን በውስጡ አሳልፈው የሚጠጡ ቤተሰቦች አሉ ቢባል ለማመን ያስቸግር ይሆናል።

ነገር ግን እውነት ነው። በባንግላዴሽና በኔፓል ገጠሮች እናቶች በብረት ፍቅፋቂና በሚስማር ላይ ውሃ እያንቆረቆሩ ለልጆቻቸው ያጠጣሉ። ይህንንም የሚያደርጉት ዓይን የማያየውን፣ ምላስ የማይለየውን አርሰኒክ የተባለ መርዝ ከውሃው ለማውጣት ነው። በዛሬው ዝግጅታችን ይህ መርዝ ከየት እንደመጣ፣ ብረት እንዴት እንደሚለቅመው፣ ብረት የማይችለው ምን እንደሆነና ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ምን እንደሆነ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ልጆችን ለማዳን የተቆፈረ ጉድጓድ

ባንግላዴሽ ጋንጀስ፣ ብራህማፑትራና ሜግና የተባሉት ታላላቅ ወንዞች ተገናኝተው ወደ ባሕር የሚወርዱባት ዝቅተኛ አገር ናት። ውሃ በያለበት ይገኛል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ለረጅም ዘመን ሲጠጣ የኖረው ሰውም ከብትም ከሚገባበት ኩሬና ከወንዝ እየቀዳ ስለነበረ፣ ኮሌራና ተቅማጥ በየዓመቱ ብዙ ሕፃናትን ይቀጥፉ ነበር።

ይህንን ለማስቆም ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአገሪቱ መንግሥት በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት እየታገዘ የእጅ ፓምፕ የተገጠመላቸውን ጠባብ ጉድጓዶች በየመንደሩ አስቆፈረ። ቀጭን ቧንቧ ወደ መሬት ይሰደዳል፤ ከላይ ፓምፕ ይገጠማል፤ እጀታው ከፍ ዝቅ ሲደረግ ውሃው ይወጣል። ሥራው ቀላል፣ ዋጋውም አነስተኛ በመሆኑ ከጊዜ በኋላ ቤተሰቦች በገዛ ገንዘባቸው ያስቆፍሩ ጀመር። በዚህ ዓይነት የጉድጓዶቹ ቁጥር ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ።

እስቲ ይህ ለአንዲት እናት ምን ማለት እንደነበረ ያስቡት። ውሃው ጥርት ያለና ቀዝቃዛ ነው። ሽታ የለውም፤ ድፍርስም አይደለም። ከኩሬ እንስራ ተሸክሞ መመላለስ ቀረ፤ ፓምፑ በግቢ ውስጥ ወይም በጎረቤት ደጃፍ ይገኛል። ጀርሞች እስከዚያ ጥልቀት ድረስ በቀላሉ ስለማይወርዱ ልጅን ከተቅማጥ የሚጠብቅ ውሃ ተገኘ። እናቶች ልጆቻቸውን ከኩሬው ውሃ ከልክለው የፓምፑን ውሃ ብቻ እንዲያጠጡ ተመከሩ፤ እነርሱም ምክሩን ተቀበሉ። ጥፋት አልሠሩም። እንዲያውም የታዘዙትን በትጋት የፈጸሙ ነበሩ።

የቀረ አንድ ነገር ግን ነበር። ጉድጓዶቹ ሲቆፈሩ ውሃው አርሰኒክ ይኑረው አይኑረው አልተመረመረም። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ምርመራ የተለመደ አልነበረም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአጎራባቹ የሕንድ ግዛት በምዕራብ ቤንጋል፣ በካልካታ ከተማ የሚገኙ የቆዳ ሐኪሞች ከገጠር በሚመጡ ሰዎች ገላ ላይ ያልተለመደ ምልክት አስተዋሉ፤ ምክንያቱም ከጉድጓድ ውሃ የተገኘ አርሰኒክ መሆኑን ደረሱበት። በባንግላዴሽ ደግሞ መርዙ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠው በ1993 ነው። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ በተካሄደ ሰፊ ጥናት ጥልቀታቸው ከ150 ሜትር ያነሰ ጉድጓዶች ሲመረመሩ፣ 27 በመቶ ያህሉ አገሪቱ ከወሰነችው መጠን በላይ አርሰኒክ የያዙ ሆነው ተገኙ። በአደጋው ውስጥ የወደቀው ሕዝብ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነበር። በ2000 በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ፣ ይህ በታሪክ ከታዩት የሕዝብ መመረዞች ሁሉ የሚበልጠው መሆኑን ገልጿል።

መርዙን ማን ጨመረው?

ብዙ አንባቢዎች ይህንን ሲሰሙ በመጀመሪያ የሚጠይቁት "ማን ጨመረው?" ብለው ይሆናል። ማንም አልጨመረውም። አርሰኒክ ከሂማላያ ተራሮች እየታጠበ በወንዞች ተጉዞ በሺሕ በሚቆጠሩ ዓመታት ከደለሉ ጋር የተከማቸ ነው። በደለሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የአሸዋና የጭቃ ቅንጣት ቀጭን የዝገት ሽፋን አለው። አርሰኒኩም በዚህ ዝገት ላይ ተጣብቆ ይኖራል።

ዝገቱ ሳይነካ ቢቆይ ኖሮ መርዙም እዚያው ታስሮ በቀረ ነበር። ነገር ግን ከደለሉ ጋር የተቀበረው ቅጠላ ቅጠልና ሌላው ብስባሽ በመሬት ውስጥ ሲበሰብስ አየሩን ይጨርሰዋል። አየር በሌለበት የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ደግሞ ዝገቱን እያሟሙ ይኖራሉ። ዝገቱ ሲሟሟ የተሸከመውን አርሰኒክ ለውሃው ይለቃል። የብዙዎቹ ጉድጓዶች ጫፍ የደረሰው ልክ እዚህ ጥልቀት ላይ ነበር።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። መርዙን በመሬት ውስጥ አስሮ የያዘው ዝገት ነው፤ ሲሟሟ የለቀቀውም ዝገት ነው። ኋላ እንደምናየው ደግሞ መልሶ የሚይዘውም ዝገት ነው።

ብዛቱ ምን ያህል ቢሆን ይጎዳል? የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው መመሪያ በአንድ ሊትር ከ10 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የባንግላዴሽ መንግሥት የወሰነው ደግሞ 50 ማይክሮግራም ነው። ይህ ቁጥር ለጆሮ እንግዳ ስለሆነ በጀሪካን እናስላው። 10 ማይክሮግራም በሊትር ማለት አንድ ግራም አርሰኒክ በ100,000 ሊትር ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ ማለት ነው። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 5,000 ያህል ይሞላል። ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ በየዕለቱ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ለጤና አስጊ ነው።

ሴቶች የከፈሉት ዋጋ

አርሰኒክ በዚህ መጠን እንደ ምግብ መመረዝ ወዲያው አይጥልም። አንዲት ሴት ውሃውን ለዓመታት ጠጥታ ምንም ላይሰማት ይችላል። ከጊዜ በኋላ በደረትና በጀርባ ላይ ጥቁርና ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። መዳፍና የውስጥ እግር ይሻክራል፤ እንደ ኪንታሮት ያለ ጠጣር እብጠት ይወጣበታል፤ ቆይቶም ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለ እጅ ልብስ ማጠብ፣ ሩዝ መፈተግና ልጅ ማቀፍ ሥቃይ ነው። ከዚያም በኋላ የቆዳ፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰር ሊከተል ይችላል።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁንና የመንደሩ ሰው መጀመሪያ ላይ ይህንን አላወቀም ነበርና አንዳንዱ እንደ ሥጋ ደዌ፣ ሌላው እንደ እርግማን ቆጠረው። የዚህም ሸክም ከሁሉ ይልቅ በሴቶች ላይ ወደቀ። ቆዳቸው የተበላሸ ልጃገረዶች ባል አጡ፤ ያገቡት ወደ ወላጆቻቸው ቤት የተመለሱበት ጊዜ አለ። ከአንድ ፓምፕ የጠጡ ባልና ሚስት እኩል ታመው፣ ወቀሳው ግን ለሚስቲቱ የሆነበት ቤት ጥቂት አልነበረም።

ከ2000 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት 5 ሚሊዮን ያህል ጉድጓዶች በየቦታው ተመረመሩ። መርዝ የተገኘበት ፓምፕ አፉ በቀይ ቀለም፣ ደኅና የሆነው ደግሞ በአረንጓዴ ቀለም ተቀባ። 1.4 ሚሊዮን ያህሉ ቀይ ሆኑ። ቀይ ቀለም በግቢዋ ያየች እናት ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ነበራት፤ አረንጓዴ ወደ ተቀባው የጎረቤት ፓምፕ መሄድ፣ አለዚያም የሚያድነው መጥቶ እስኪደርስ ቀዩን መጠጣት። የጎረቤቱ ፓምፕ በቅርብ በሆነበትና ባለቤቱ በፈቀደበት ቦታ ብዙዎች ዞሩ። ሴት ልጅ ከግቢዋ ርቃ በሰው ደጅ መመላለሷ እንደ ነውር በሚታይበት መንደር ግን ነገሩ ቀላል አልነበረም። በሩቅ የሚገኝ ውሃ ደግሞ ተሸካሚዋ ማን እንደሆነች የእኛም እናቶች ያውቁታል።

ማፍላት ለምን አያድንም?

እያንዳንዷ እናት ውሃ ባጠራጠራት ጊዜ የምታደርገው ማፍላት ነው። ይህ ጥሩ ልማድ ነው፤ ለጀርም ፍቱን መድኃኒት ስለሆነ ሊተው አይገባም። አርሰኒክ ግን ሕይወት ያለው ጀርም አይደለም። የማዕድን ዘር ነውና በእሳት አይሞትም። እንዲያውም ውሃው ሲፈላ ከፊሉ በእንፋሎት ስለሚሄድ፣ በቀረው ውሃ ውስጥ መርዙ እየበረታ ይሄዳል። በጨርቅ ማጥለልም አይጠቅምም፤ መርዙ እንደ ጨው በውሃው ውስጥ የሟሟ ስለሆነ በጨርቅ ቀዳዳ አብሮ ያልፋል። በክሎሪን ማከምም ጀርምን እንጂ አርሰኒክን አያጠፋም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው መርዙን ከውሃው ላይ ይዞ የሚያስቀር ነገር ነበር። ያም ነገር ከውጭ አገር የሚገዛ ውድ መሣሪያ ከሆነ ለድሃ ቤተሰብ አይደርስም። መልሱ የተገኘው ከብረት ቤት ከሚጣለው ፍቅፋቂ ነው።

የብረቱ ሥራ

አሠራሩን በቀላሉ እናስረዳ። ብረት ውሃና አየር ሲያገኝ ይዝጋል። ይህን ጊዜ ከገጹ ላይ በጣም ረቂቅ የሆነ፣ ቡናማና ቢጫ ቀለም ያለው ትኩስ ዝገት ይወጣል። ይህ ዝገት ሲታይ ትንሽ ቢመስልም እንደ ጥጥ የተፈለቀቀ በመሆኑ የገጹ ስፋት እጅግ ብዙ ነው። አርሰኒክ ደግሞ በተፈጥሮው ከዝገት ጋር ይዋደዳል። ውሃው በዝገቱ መካከል ሲያልፍ መርዙ ከውሃው ተለይቶ በዝገቱ ላይ ይጣበቃል።

ሌላም ጥቅም አለ። በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው አርሰኒክ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከዝገት ጋር ቶሎ ይጣበቃል፤ ሁለተኛው አስቸጋሪ ነው። ብረት በአየር ፊት ሲዝግ አስቸጋሪውን ወደ ቀላሉ እንዲለወጥ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ዝገቱ ራሱ ከውሃው ጋር እንዳይወርድ አሸዋ ያጣራዋል። እንግዲህ ብረቱ ያዥ፣ አሸዋው አጣሪ ሆነው ይተጋገዛሉ ማለት ነው።

ብረትን ለውሃ ማጥሪያ የማዋል ሐሳብ ከዛሬ የመጣ አይደለም። በ1880ዎቹ በቤልጂየም የአንትወርፕ ከተማ የውሃ ድርጅት የወንዝ ውሃን ከብረት ቁርጥራጭ ጋር በሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ውስጥ እያሳለፈ ያጣራ ነበር። ሌላ ዘዴ ሲመጣ ይህ ተረሳ። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን በባንግላዴሽ መንደሮች ውስጥ እንደገና ተፈለገ።

ከሦስት እንስራ እስከ ሶኖ ማጣሪያ

የባንግላዴሽ ሴቶች ውሃ የሚቀዱበት፣ ከእኛ እንስራ ጋር የሚመሳሰል ካልሺ የሚባል ዕቃ አላቸው። መጀመሪያ የተሠራው ማጣሪያ ሦስት ካልሺዎችን በአንድ መደርደሪያ ላይ አንዱን ከአንዱ በላይ ያስቀመጠ ነበር። በላይኛው ውስጥ ከቶርኖ ቤት የሚወጣ የብረት ፍቅፋቂና አሸዋ ይደረጋል። በመካከለኛው ውስጥ አሸዋና የእንጨት ከሰል ይጨመራል። ውሃው በላይኛው ሥር ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ መካከለኛው፣ ከዚያም ወደ ታችኛው ይንጠባጠባል። ታችኛው የሚጠጣው ውሃ የሚጠራቀምበት ነው። ዕቃዎቹ በሙሉ በመንደሩ ገበያ የሚገኙ ስለነበሩ ማንኛዋም የቤት እመቤት ልታዘጋጀው ትችል ነበር።

አንድ ችግር ግን ገጠመ። ብረቱ እየዛገ ሲሄድ ፍቅፋቂው እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ውሃም ማሳለፍ ያቆማል። ማጣሪያው ከጥቂት ወራት በኋላ ሲደፈን ባለቤቲቱ ወደ ቀዩ ፓምፕ ትመለሳለች።

ይህንን ችግር የፈቱት በአሜሪካ ቨርጂኒያ በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የሆኑት አቡል ሁሳም ናቸው። እርሳቸው ተወልደው ያደጉት በባንግላዴሽ ኩሽቲያ በተባለው አካባቢ ሲሆን፣ የገዛ ቤተሰባቸው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ አርሰኒክ እንዳለበት የደረሱበት በራሳቸው ምርመራ ነው። ሐኪም ከሆኑት ወንድማቸው ጋር ለዓመታት ከሠሩ በኋላ፣ ብረቱ እየዛገ ሳይጠጥርና ሳይበተን ውሃ የሚያሳልፍበትን አዘገጃጀት አገኙ። ሶኖ የተባለው ማጣሪያ በዚህ ዓይነት ተፈጠረ። ሁለት ባልዲ የሚመስሉ ዕቃዎች አሉት። በላይኛው አሸዋና የተዘጋጀው ብረት፣ በታችኛው አሸዋ፣ ከሰልና የጡብ ስባሪ ይደረደራሉ። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ኬሚካል አይጨመርበትም፤ በደንብ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል።

በ2007 የአሜሪካ ብሔራዊ የኢንጂነሪንግ አካዳሚ ለዚህ ሥራ የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ሰጣቸው። እርሳቸውም ከገንዘቡ 70 በመቶ ያህሉን ማጣሪያውን ለችግረኛ ቤተሰቦች ለማደል አዋሉት። ትምህርትን ለተወለዱበት መንደር ማዋል ማለት እንዲህ ነው።

በኔፓል ቆላማው ክፍልም ይኸው መርዝ በጉድጓዶች ውስጥ ተገኝቷል። በዚያ የተሠራው ማጣሪያ ካንቻን ይባላል። በአሸዋ በተሞላ ዕቃ አፍ ላይ 5 ኪሎ ያህል ተራ የብረት ሚስማር ይነጠፍና በላዩ የጡብ ስባሪ ይደረደራል። ውሃው ሲፈስ የጡቡ ስባሪ ኃይሉን ያበርድለታል፤ ሚስማሩ እየዛገ መርዙን ይይዛል፤ አሸዋው ዝገቱንና ከጀርሙ ብዙውን ያስቀራል። ሚስማሩ ዚንክ ያልተለበጠ መሆን አለበት፤ ዚንክ የተለበጠ ሚስማር እንዳይዝግ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይረባም።

በፋብሪካ አካባቢ ለሚኖሩ

የብረት አገልግሎት በመንደር ማጣሪያ ብቻ አይወሰንም። በበለጸጉት አገሮች ፋብሪካዎች ብረታ ብረትን ከቅባት ለማጽዳት ክሎሪን ያለባቸውን ፈሳሾች ለብዙ ዓመታት ሲጠቀሙ ነበር። ፈሳሹ ወደ መሬት እየሰረገ የከርሰ ምድር ውሃን በከለ። ውሃውን በፓምፕ እያወጡ ማጽዳት ማለቂያ የሌለው ሥራና ወጪ ሆነ።

በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ሮበርት ጊልሃም በ1980ዎቹ ብረት እነዚህን ፈሳሾች ሊያፈርሳቸው እንደሚችል አስተዋሉ። ብረቱ ሲዝግ ክሎሪኑን ከፈሳሹ ላይ ይነቅለዋል፤ ጎጂው ነገርም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ነገር ይለወጣል። በ1991 በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በቦርደን የሙከራ ግድግዳ ተሠራ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ የተበከለው ውሃ በመሬት ውስጥ በሚጓዝበት አቅጣጫ ፊት ለፊት ቦይ ይቆፈርና በብረት ፍቅፋቂ ይሞላል። ውሃው ማንም ሳይገፋው በራሱ ጉዞ በብረቱ ውስጥ ያልፋል፤ ብክለቱን ትቶ ይሄዳል።

በ1996 ደግሞ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ኤልዛቤት ሲቲ በተባለች ከተማ፣ ብረት በክሮም ከሚለበጥበት ሥራ ቤት የፈሰሰ ክሮምየም የከርሰ ምድር ውሃ በመመረዙ እንዲሁ ያለ ግድግዳ ተሠራለት። ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ7 ሜትር በላይ ነው። ለዓመታት ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ፓምፕ ሲሠራ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። እነዚህ ግድግዳዎች ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የተሠሩ ናቸው። ብክለቱን ቀድሞ መከላከል ከዚህ ሁሉ ይቀላል። በፋብሪካ የሚሠራ እያንዳንዱ ወዛደር፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ያገለገለ ዘይትና የማጽጃ ፈሳሽ የት እንደሚደፋ መጠየቁ ለቤቱ ጉድጓድ መጠንቀቁ ነው።

ብረት የማይችለው

እስካሁን ያልነው ሁሉ ብረት ለማንኛውም ውሃ መድኃኒት ነው ለማለት አይደለም። ሚስማር በጀሪካን ውስጥ ጨምሮ ውሃ ተጣራ ማለት ራስን ማታለል ነው። ይህን በተመለከተ ጥቂት ነጥቦችን እናስቀምጣለን።

አንደኛ፣ ብረት በፍሎራይድ ላይ ያለው ኃይል ደካማ ነው። ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በአገራችን የስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታዎች ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ከመጠን በላይ ፍሎራይድ አለበት። የሕፃናት ጥርስ እንዲበልዝ፣ ሲብስም የአዋቂዎች አጥንትና መገጣጠሚያ እንዲደርቅ የሚያደርገው ይኸው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። ለዚህ የሚያገለግለው የከብት አጥንት ከሰል የተሞላ ማጣሪያ ወይም በባለሙያ የሚደረግ ሌላ ሕክምና ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ፍሎራይድ የሌለው ሌላ የውሃ ምንጭ ማግኘት ነው። ዝቃጭ የሚያጣራ ማጣሪያና ማፍላት ለዚህም አይረዱም።

ሁለተኛ፣ የብረት ማጣሪያ ብቻውን በጀርም ላይ እምነት አይጣልበትም። ውሃው ከማጣሪያው ከወጣ በኋላም በቆሸሸ ዕቃ ከተቀዳ ወይም እጅ ከገባበት መልሶ ይበከላል። ስለዚህ ማፍላቱ፣ ዕቃውን ማጠቡና መክደኑ አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ውሃ ሁሉ አንድ አይደለም። በአንዳንድ ቦታ ያለ ውሃ ፎስፌት የተባለ ነገር በብዛት ይኖረዋል። ይህ ነገር በዝገቱ ላይ የአርሰኒክን ቦታ ስለሚሻማ ማጣሪያው ደካማ ይሆናል። በአንድ መንደር የሠራው በሌላው ላይሠራ ይችላል ማለት ነው። ማጣሪያው ከተተከለ በኋላ ከውስጡ የሚወጣው ውሃ በየጊዜው መመርመር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛ፣ ያገለገለው ዝገት የለቀመውን መርዝ እንደያዘ ነው። ሲለወጥ በጓሮ አትክልት ላይ ወይም በጉድጓድ አጠገብ አይጣልም።

በመጨረሻም፣ በባንግላዴሽ እንኳ ከማጣሪያው ይልቅ ብዙ ሰው የዳነው ውሃው ተመርምሮ ወደ ደኅናው ጉድጓድ በመዞሩና መርዙ ከሌለበት ጥልቀት ውሃ የሚያወጡ ጉድጓዶች በጋራ በመቆፈራቸው ነው። ማጣሪያ ሌላ አማራጭ ለሌላት እናት ትልቅ እርዳታ ነው። የምርመራንና የጋራ ውሃን ቦታ ግን አይተካም። ችግሩም እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልተወገደም፤ በዚያች አገር አሁንም ብዙ ሕዝብ ከተፈቀደው በላይ አርሰኒክ ያለበት ውሃ ይጠጣል።

ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢ፣ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ዓይንን አለማመን ነው። እኛ ውሃን የምንፈትነው ወደ ብርሃን ይዘን በማየት፣ በማሽተትና በመቅመስ ነው። በዚህ መንገድ ድፍርሱን እንለያለን፤ የሟሟ መርዝን ግን አንለይም። የባንግላዴሽ እናቶች ጥርት ባለ ውሃ ተጎድተዋል።

ሁለተኛው፣ ለእያንዳንዱ ብክለት የየራሱ መድኃኒት እንዳለው ማወቅ ነው። ለጀርም እሳትና ክሎሪን፤ ለአርሰኒክ ዝገት፤ ለፍሎራይድ የአጥንት ከሰል። የውሃውን ችግር ሳያውቁ ማጣሪያ መግዛት፣ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው። ስለዚህ ሻጭ "ይህ ማጣሪያ ሁሉን ያጸዳል" ሲልዎት "ከምን ነው የሚያጸዳው? በማን ተመርምሮ?" ብለው ይጠይቁ።

ሦስተኛው፣ በግቢዎ ወይም በሠፈርዎ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃው ከመጠጣቱ በፊት በላቦራቶሪ እንዲመረመር መጠየቅ ነው። ምርመራው ጀርምን ብቻ ሳይሆን ማዕድናትንም ጭምር የሚመለከት ይሁን። ይህንን ጥያቄ አንዲት ሴት ብቻዋን ስታቀርበው ሰሚ ላታገኝ ትችላለች። የዕድር ወይም የማኅበር አባላት በአንድነት ሲያቀርቡት ግን ክብደት ይኖረዋል። ውሃ የምንቀዳው፣ የምንሸከመው፣ የምናፈላውና ለልጆቻችን የምንሰጠው እኛ ሴቶች ሆነን ሳለ፣ ጉድጓዱ የት ይቆፈር፣ በማን ይመርመር በሚባልበት ስብሰባ ላይ ዝም ብለን መቀመጥ አይገባንም።

አራተኛው፣ በውሃ ምክንያት የታመመን ሰው አለማግለል ነው። ቆዳ ላይ የወጣ ምልክት ሁሉ ተላላፊ አይደለም፤ የበለዘ ጥርስም የንጽሕና ጉድለት ምልክት አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ያደገች ልጅ ጥርሷ ቡናማ ስለሆነ በትምህርት ቤት መሳቂያ ልትሆን አይገባም። ይህንን ለልጆቻችን ማስረዳት ከእኛ ይጠበቃል።

ዝገት የሚያጠፋ ብቻ መስሎ ይታየን ነበር። በቦታውና በመጠኑ ሲውል ግን የልጅ ሕይወት ይጠብቃል። ይህንንም ያገኙት ሰዎች የጀመሩት ከአንድ ቀላል ነገር ነው፤ ቤተሰባቸው የሚጠጣውን ውሃ ለመመርመር። እርስዎስ፣ ዛሬ በቤትዎ የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚመጣና መቼ እንደተመረመረ ያውቃሉ? ካላወቁ ነገ የአካባቢዎን የውሃ ክፍል ወይም ጤና ጣቢያ ይጠይቁ፤ የሰሙትንም ለጎረቤትዎ ያካፍሉ።